የልደት ተራና የእሳት ተራ

ወርቅነሽ ከሆሳዕና ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ፣ የማጥፈውን ልብስ እንደያዝኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ያለሁት ድሬዳዋ ነው። ቀብሩ አልፏል፤ መድረስ አልችልም። «ጌታ ያጽናችሁ» አልኳት። እሷ ግን በለቅሶ በሻከረ ድምጿ መሃል ድንገት ሳቀች።

«ታውቂያለሽ፣ መቃብሩ ላይ ሳቅን» አለችኝ።

«ማን ሳቀ?»

«ሁሉም! መጋቢው ሳይቀሩ። አጎቴ ሎምበሶ ናቸው ያሳቁን።»

ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ፤ የጎረቤቴ ልጅ ደንግጣ በበሩ ብቅ እስክትል ድረስ። ያሳቀንን ነገር ለመንገር ግን ከመኪናዋ መጀመር አለብኝ። የወርቅነሽን አባት ጋሽ ላምቦሬን ያለ መኪናቸው የሚያውቃቸው ሰው አልነበረምና።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከአንጋጫ ተነስቼ ሆሳዕና አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ የተከራየሁት በጋሽ ላምቦሬ ግቢ ያለችውን አንድ ክፍል ነበር። ሰውየው ረጅም፣ ቀጭን፣ ቆመው እንኳ ሊሮጡ የተነሱ የሚመስሉ ነበሩ። ኋላዋ ክፍት የሆነ፣ አንድ ወቅት አረንጓዴ የነበረች ፒክአፕ መኪና ነበረቻቸው። እህል ትጭናለች፣ የሙሽራ አልጋ ትጭናለች፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የእኛን መዘምራን ትጭናለች። ዳገት ላይ እንደ ሳል ስለሚይዛት የከተማው ሰው ስም አውጥቶላታል፤ «ሳሊቱ»። ጋሽ ላምቦሬ ይሄን ሲሰሙ ይቆጣሉ።

«አታስልም!» ይላሉ። «ልትዘምር ስትል ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው።»

ለእሳቸው የሚሆን ጋራዥ በከተማው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሄዱ አይመስለኝም። ሁሉንም እቤት ነበር የሚሠሩት፣ በቤቱና በእንሰቱ መካከል ካለው ዝግባ ሥር። ከሁሉም ከሁሉም ካንዴላ የሚቀየርበት ቀን ለግቢው እንደ በዓል ነበር። ካንዴላ በሞተሩ ራስ ላይ ተጠምዝዛ የምትገባ፣ ጫፏ ላይ እሳት እየረጨች ቤንዚኑን የምትለኩስ፣ ጣት የምታህል ነገር ናት። ሳሊቱ አራት አላት። ጋሽ ላምቦሬ «ጣሊያን ሻማ ሲል ነው ካንዴላ ያላት። አራት ሻማ ነው የማበራው» ይሉ ነበር።

ሥራውን የሚጀምሩት ሞተሩ በርዶ ነው። «ትኩስ ሞተር የተቆጣ ሰው ማለት ነው፤ ሳይበርድለት አይነካም።» ከዚያ በቀጭን ሸንበቆ እፍ እያሉ በካንዴላዋ ዙሪያ ያለውን አቧራ ያራግፋሉ፤ አለዚያ ሲነቅሏት አሸዋው ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። የተነቀለችውን ወደ ፀሐይ አንስተው ያገላብጧታል። ጫፏ የተቆላ ገብስ ከመሰለ ፊታቸው ይበራል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነች «ይቺ ጠጪ ሆናለች» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷን ነቅለው ሳይመልሱ ግን ሌላዋን ፈጽሞ አይነኩም።

«አስተማሪዋ!» የሚለው ጥሪ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ጥፍርሽን ይዘሽ ነይ!»

ካንዴላዋ ጫፍ ላይ እሳቱ የሚዘልባት ትንሽ ክፍተት አለች። ክፍተቷ ከሰፋች እሳቱ አይዘልም፣ ከጠበበች ደግሞ ይደክማል። መለኪያ ብረት አልነበራቸውም። የእሳቸው ጥፍር እንደ በሬ ቀንድ ወፍሯል። እንደ ምንም ብለው የግቢውን ጥፍር ሁሉ ሞካክረው፣ የኔን የቀኝ አውራ ጣት ጥፍር ልክ ሆኖ አገኙት። እኔ እጄን ታጥቤ እሄዳለሁ፤ ሳልታጠብ የምነካው ነገር የለኝም።

«ደግሞ ታጥበሽ መጣሽ? ቁርባን ልትቀበይ ነው?»

«ንጽሕና ለሁሉም ነው፣ ጋሽ ላምቦሬ።»

«እሺ፣ አስገቢ። ነካ አደረገሽ?»

«ነካ አደረገኝ።»

«ጡማ!» ይላሉ፤ በሀዲይኛ ሰላም ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። ሲደሰቱ ከአፋቸው የሚወጣው እሱ ነበር። ያቺን ጥፍር እንዳልቆርጣት አደራ ብለውኝ፣ እኔም እውነቴን ነው የምለው፣ በየሳምንቱ የዘጠኙን እየቆረጥኩ አሥረኛዋን እተው ነበር።

አዲሷን ሲመልሱ መጀመሪያ በጣታቸው ነው የሚያጠማዝዟት፤ ቁልፉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ለማጥበቅ ብቻ ነው። እየጠመዘዙም «እጅ እምቢ ያለውን ብረት በቁልፍ እሺ አታሰኚው፤ ጥርሱ ይበላል» ይሉኛል። ይቺን ቃል በኋላ ለተማሪም፣ ለባልም፣ ለልጅም ተጠቅሜባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋሽ ላምቦሬና ባለቤታቸው እትዬ አየለች አራት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ ታደለች፣ ወርቅነሽ፣ አማረች፣ ደስታ። ሳሊቱን የገዙ ዕለት አራቱን ካንዴላዎች ከፊት ወደ ኋላ ደርድረው በልጆቻቸው ስም ጠሯቸው። የፊተኛዋ ታደለች፣ ሁለተኛዋ ወርቅነሽ፣ ሦስተኛዋ አማረች፣ የኋለኛዋ ደስታ። ከየካንዴላው የሚነሳው ገመድ ወደ አንዲት ጥቁር ክብ ኮፍያ ይሄዳል፤ እሳቱን የምታከፋፍለው እሷ ናት። ገመዶቹ ኮፍያዋ ላይ በሚሰኩበት ጫፍ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ፊደሎች አስረውባቸዋል፤ ታ፣ ወ፣ አ፣ ደ።

ሞተሩ ግን በተደረደሩበት ተራ አይለኩሳቸውም። መጀመሪያ አንደኛዋን፣ ቀጥሎ ሦስተኛዋን፣ ከዚያ አራተኛዋን፣ በመጨረሻ ሁለተኛዋን ነው። ስለዚህ ኮፍያዋ ዙሪያ ሲነበብ «ታደለች፣ አማረች፣ ደስታ፣ ወርቅነሽ» ይሆናል። ጋሽ ላምቦሬ ኮፈኑን ከፍተው ሲሠሩ ይቺን እንደ መዝሙር ይደጋግሟታል። ፈጠን ብላ ስትነገር ስም አትመስልም፤ ምርቃት ነው የምትመስለው፤ ታደለች፣ አማረች፣ ደስታ፣ ወርቅ ነሽ! አንድ ቀን በአጥሩ በኩል የምታልፍ ሴት ለእሷ የተባለ መስሏት «አንተ ሽማግሌ፣ ባለ ትዳር ነኝ፣ እፈር!» ብላቸው ሄዳለች። እትዬ አየለች ይቺን ሲያነሱ እንጀራቸውን መዋጥ እስኪያቅታቸው ይስቁ ነበር።

እትዬ አየለችን የሚያሳዝናቸው ሌላ ነበር።

«ሁለተኛ ልጄን ስለምን መጨረሻ ታደርጋታለህ?» ይላሉ።

«መጨረሻ የታለ፣ አየለች? ከወርቅነሽ ቀጥላ ታደለች ትመጣለች። የሚዞር ነገር መጨረሻ የለውም።»

«ቢሆንስ፣ በልደት ተራ ብታደርጋቸው ምን አለ?»

«የልደት ተራ አለ፣ የእሳት ተራ አለ። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፤ ሞተሩ ነው።»

ታደለች ዳምቦያ ተድራ ሄዳለች። ወርቅነሽ የኔ እኩያ፣ የጸሎት ጓደኛዬ ነበረች፤ ቁስል አይታ ፊቷን የማታዞር ልጅ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ነርስ ትምህርት ቤት ተቀበሏት። ሰኞ ጠዋት በአካል ካልቀረበች ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በዚያው ሳምንት ለሦስተኛዋ ለአማረች ሽማግሌ ተላከ። ደግ ቤተሰብ፣ ደግ ልጅ፤ አማረችም ወዳዋለች።

እዚህ ላይ ነው አባ ሎምበሶ የገቡት። የጋሽ ላምቦሬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሌሞ ገጠር ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ የተከበሩ ሰው። ክፉ አልነበሩም፤ የተጣመመ ነገር ማየት የማይችሉ ሰው ናቸው እንጂ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ መጀመሪያ አግዳሚውን አቃንተው ነው የሚቀመጡት። ታላቅ ቤት ተቀምጣ ታናሽ ብትዳር ለታላቂቱ ስድብ ነው፤ ያገሩ ልማድ ነው፤ ለአባ ሎምበሶ ደግሞ ጠማማ አግዳሚ ነው። መፍትሔም አላጡም። ሾኔ ከተማ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ የእህል ነጋዴ ወርቅነሽን ሲያስጠይቅ ኖሯል። እሷ ለእሱ ትሰጥ፣ ከዚያ አማረች በወጉ ትዳር።

ወርቅነሽ ክፍሌ መጥታ «ሰውየውን አንድ ቀን አላየሁትም» አለችኝ። «እሱ ግን ልጆቹን የማሳድግበትን ቤት ሁሉ አሳይቶ ጨርሷል አሉ።» ተንበርክከን ጸለይን። የቆርቆሮ ሳጥኗ ታስሮ አልጋ ሥር ነበር። የሚወስዳት መኪና ሳሊቱ ብቻ ነበረች፤ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት አውቶቡስ ከቆመ ሰንብቷል። ጋሽ ላምቦሬ እስከ አስፋልቱ በጭቃው ሊያወጧት፣ ከዚያ ተሳፍራ ልትሄድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን፣ ጋሽ ላምቦሬ ካንዴላ ሲቀይሩ አገኘኋቸው።

«ዛሬ? እንግዳ እየመጣ?»

«የሚያዳልጥ ዳገት አለብኝ፣ ልጄ። ጥፍርሽን አምጪ።»

አራቱንም በየተራ ለካሁላቸው። በእሳት ተራ የመጨረሻዋን፣ ወርቅነሽን፣ በጣታቸው እያጠማዘዙ ሳለ የፈረስ ጋሪ በር ላይ ቆመ። አባ ሎምበሶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደረሱ። ጋሽ ላምቦሬ ካንዴላዋን አጥብቀው፣ እጃቸውን ሊታጠቡና ልብስ ሊቀይሩ ወደ ቤት ገቡ። እኔም አግዳሚ ላወጣ ገባሁ። ኮፈኑ ክፍት ነበር፤ አባ ሎምበሶ አጠገቡ ቆመው ነበር።

ዝግባው ሥር ተቀመጡ። የተባለው ሁሉ በሀዲይኛ ነው፤ እኔ የምጽፈው በአማርኛ ነው። የአማረች ነገር ቶሎ አለቀ። ከዚያ አባ ሎምበሶ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ላምቦሬ፣ ታላቅ ተቀምጣ ታናሽ አትወጣም።»

«አልተቀመጠችም፣ ጋሼ። ሳጥኗን አስራ ቆማለች።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«አትቀልድ። ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሳሊቱንም ታስላለች ይላል።»

«የሾኔው ሰውዬስ? እኔ ቃሌን ሰጥቼዋለሁ!»

ጋሽ ላምቦሬ ቀልዳቸውን ተዉ። «ጋሼ፣ አንተ እንደ አባቴ ነህ። ልጅቷን ግን እኔ እወስዳታለሁ፤ ዛሬ።»

አባ ሎምበሶ በትራቸውን ከመሬት ነቀሉ። ከዚያ «እንግዲህ እግዚአብሔር ይፍረድ» አሉ። «የፈቀደው ከሆነ መንገዱን ያቅና።»

ወርቅነሽ ሳጥኗን ይዛ ወጣች። ባትሪዋ የደከመ ስለሆነ ሳሊቱ የምትነሳው ከፊቷ በሚገባ ጠማማ ብረት፣ በማኖቤላ ነበር። ጋሽ ላምቦሬ ኮፈኑን ዘጉና ማኖቤላውን አዞሩ። ምንም የለም። ደገሙ። ሳሊቱ ተንቀጠቀጠች፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ በጭስ ማውጫዋ ጓ! አደረገች። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ አጎነበሱ። ፈረሱ ጋሪውን እየጎተተ እንሰት ውስጥ ገባ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። እንደገና ሲያዞሩ እንደገና ጓ!

አባ ሎምበሶ ተነሥተው ቆሙ። «ሰማህ? እግዚአብሔር ተናገረ!»

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር እንዲህ አይተኩስም።»

ግን ላብ ግንባራቸው ላይ ታየኝ። ካንዴላው አዲስ ነው፣ ቤንዚኑ ሙሉ ነው። ወርቅነሽ ሳጥኗን መሬት አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። ቀስ ብላ «ጸሎታችን አልተሰማም ማለት ነው?» አለችኝ፤ እኔ ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ብቻ እል ነበር። ሳሊቱ ካልተነሳች ሰኞ ያልፋል፤ ሰኞ ካለፈ ደግሞ ሾኔ ነው።

ጋሽ ላምቦሬ ኮፈኑን ከፈቱ። አንገታቸውን አስገቡ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎን እትዬ አየለች ወደሳቸው ሮጡ። ቀና ሲሉ ግን እንባቸው እየወረደ እየሳቁ ነበር።

«ማነው ልጆቼን በልደት ተራ ያሰለፋቸው?»

«እኔ ነኝ!» አሉ አባ ሎምበሶ ደረታቸውን ነፍተው። «አቧራ ልጥረግልህ ብዬ ገመዶቹን ስነቅል፣ ከታደለች አጠገብ አማረችን ሰክተሃል! ሁለተኛ ልጅህን ጭራ አድርገሃታል! እኔ በሽምግልናዬ ፊደል የቆጠርኩት ለመቼ ነው? አስተካከልኩልህ።»

መጀመሪያ የሳቁት ለአማረች የመጡት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከዚያ እኛ፤ ከዚያ እትዬ አየለች፣ ሆዳቸውን ይዘው። ወርቅነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ አባቷን ታያለች።

ጋሽ ላምቦሬ ራሳቸው ማስተካከል ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። «ና፣ ጋሼ» አሉ። «በእጅህ የገባ በእጅህ ይውጣ። እኔ እጠራለሁ፣ አንተ ትሰካለህ። ታደለች።»

«ባለችበት ናት።»

«ቀጥሎ አማረች።»

አባ ሎምበሶ የ«አ»ን ቆርቆሮ ይዘው ቀና አሉ። «ከታላቋ በፊት?»

«ከታላቋ በፊት።»

ሰኩት። «ደስታ።»

«ሕፃኗም?!»

«ሕፃኗም፣ ጋሼ። ወርቅነሽ።»

የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ነበረች። አባ ሎምበሶ ገመዱን ሲሰኩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ «ይቅር በይኝ» ያሉ መሰለኝ፤ ለገመዱ ይሁን ለልጅቷ አላውቅም።

ጋሽ ላምቦሬ ማኖቤላውን አቀበሏቸው። «አንተው አስነሳት።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው አንዴ አዞሩ። ሳሊቱ ተነሳች! ያለ ሳል፣ ያለ ማስነጠስ፣ እንደ ስፌት መኪና እየተንቆረቆረች ተነሳች! አባ ሎምበሶ ማኖቤላውን እንደ ጦር ይዘው ወደ ኋላ ዘለሉ። «ጡማ!» ብለው ጮኹ፤ ሁላችንም «ጡማ!» አልን፤ እኔ እንኳ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው፣ እጄን እያጨበጨብኩ ጮህኩ። ወርቅነሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

አባ ሎምበሶ ግን እጃቸውን የሳሊቱ ግንባር ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ከሞተሩ ጋር እኩል፣ ቀስ ብለው፣ «ታደለች፣ አማረች፣ ደስታ፣ ወርቅነሽ... ታደለች፣ አማረች...» አሉ። ቆይተው ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ለሾኔው ሰውዬ ግን ምን ልበለው?»

«ተራዋ አልደረሰም በለው።»

የቆርቆሮ ሳጥኑን አንስተው ሳሊቱ ላይ የጫኑት አባ ሎምበሶ ናቸው። ሳጥኑ ጠመም ብሎ ስለተቀመጠ፣ መልሰው አቃኑት።

ወርቅነሽ ሰኞ ደረሰች። አማረች አዝመራው ሲገባ ተዳረች፤ ከዓመታት በኋላ ደስታ ተከተለች፤ ወርቅነሽ ነርስነቷን ጨርሳ፣ የወደደችውን ይዛ፣ በመጨረሻ። በሠርጓ ከሁሉ በላይ የዘመሩት አባ ሎምበሶ ነበሩ። እኔ ትዳር ወደ ድሬዳዋ ወሰደኝ። በዚህ ሙቀት አገር ማንም «ጥፍርሽን ይዘሽ ነይ» ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ያቺን ጥፍር ግን እስከዛሬ ከሌሎቹ ረዘም አድርጌ ነው የምቆርጣት።

ወርቅነሽ በስልክ የነገረችኝ እንዲህ ነው። መቃብሩ ዳር አንድ ወጣት የሕይወት ታሪካቸውን ያነባል። «ከወይዘሮ አየለች ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ታደለችን፣ ወርቅነሽን፣ አማረችንና ደስታን...» ሲል፣ አባ ሎምበሶ በሁለት ሰው ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቁም!» አሉ። «እንደሱ አትነሳም!»

ወጣቱ ግራ ገባው። ታሪኩን የሚያውቀው ሕዝብ ግን፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋልና፣ በለቅሶው መሃል ሳቁ ፈነዳበት። አባ ሎምበሶ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

«እኔ ታላቁ ቆሜ ታናሼ ቀደመኝ» አሉ። «እሱማ ነግሮኝ ነበር። የልደት ተራ አለ፣ የእሳት ተራ አለ። በል ልጄ፣ በእሳት ተራ አንብብልኝ።»

ወጣቱ ወረቀቱን ትቶ፣ አፋቸውን እያየ፣ «ታደለች፣ አማረች፣ ደስታ፣ ወርቅነሽ» አለ። እዚያ ላይ ዝም አለ፤ ሰዉም ዝም አለ፤ ያለቀ መስሎት።

ከፊት ወንበር፣ ጥቁር ነጠላ ከለበሱት ሴቶች መሃል፣ አንድ ያረጀ ድምፅ «ታደለች» ብሎ ቀጠለ። እትዬ አየለች ነበሩ።